ፕሮግራመር ከኮዱ ሥር ያለውን ማሽን ማወቅ አለበት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የእህል መጋዘን የገቢና የወጪ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሥራ በጀመረ በስድስተኛው ወር ስልክ ተደወለልኝ። ቆጠራ ተደርጎ 14 ኩንታል ጤፍ ጎድሏል። ኮምፒውተሩ «አለ» ይላል፣ መጋዘኑ ውስጥ ግን የለም። ጣት የተቀሰረው ስቶር ኪፐሩ ላይ ነበር።

ሰውየው በዕድሜ አባቴን ይሆናሉ። «ልጄ፣ እኔ ያለ ደረሰኝ አንድ ኩንታል አላወጣሁም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ አይዋሽም»። ዛሬም ሳስታውሰው አንገቴን ያስደፋኛል።

እሳቸው የደረሰኞቹን ካርቦን ቅጂ አንድ በአንድ ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳከሩ። ሦስት የወጪ ደረሰኞች ሲስተሙ ውስጥ አልነበሩም። ዘበኛው ጀኔሬተር ያስነሳበትን ሰዓት የሚጽፍበት ደብተር ሲታይ፣ ሦስቱም መብራት ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻ ሆነው የገቡ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተርን «አስቀምጥ» ስንለው ብዙ ጊዜ መረጃውን ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም። ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ስለሆነ መጀመሪያ ራም ላይ ያቆየውና ከሴኮንዶች በኋላ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ራም ደግሞ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። የእኔ ፕሮግራም ዲስኩ መጻፉን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» ይል ነበር። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ነበር። ቋንቋውን አውቀው ነበር፤ ያላወቅኩት ከሥሩ ያለውን ማሽን ነው።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል የኢራቅን ስከድ ማስቆም አቅቶት 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሲስተሙ ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ነበር። 0.1 ደግሞ በኮምፒውተር የ0 እና የ1 አጻጻፍ ማለቂያ የለውም፤ 24 ቢት ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ የተጠራቀመው ስህተት አንድ ሦስተኛ ሴኮንድ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

«ታዲያ ሾፌር ሁሉ መካኒክ ይሁን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሁን። ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ሲግል እንደሚከዳ ያውቃል፤ ማርሽ ቀንሶ ነው የሚወርደው። እኔም ፕሮግራመር ሁሉ ትራንዚስተር ያጥና አልልም። መረጃው አሁን የት እንዳለ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ኔትወርክ መሀል ላይ ቢቋረጥ ክፍያው ሁለት ጊዜ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚቆረጥ ይወቅ። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ለብዙ ወጣቶች በር ከፍቷል፤ ደስ ይለኛል። በበሩ የገባ ሁሉ ግን ደፉ ላይ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ክፍያችንም፣ ግብራችንም፣ መታወቂያችንም ወደ ስክሪን እየገባ ነው። ስክሪኑ «አለ» ካለ፣ «የለም» የሚል ሰው ሌባ ይባላል።

ስቶር ኪፐሩ ነፃ ወጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፣ እኔን ያዳነኝ ካርቦኑ ነው» አሉኝ።

ዛሬ ብዙ ቦታ ካርቦኑ ቀርቷል።