የጣርማ በር ብርድና የማይሞቅ ሞተር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ወደ ቈረቈሯት ወደ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም ወዲያ አገሩ ሜዳ፥ ነፋሱ ብርቱ፥ ብርዱም ጽኑ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በጣርማ በር፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተራራውን ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ካለፈ በኋላ፥ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ካሚዮን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደጋውንም ቈላውንም ይቀምሳል።

እኛም በኅዳር ወር በዚሁ መንገድ በጭነት ካሚዮን ስንጓዝ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ከታች አልነሣ አለ፤ ጋቢናውን ሊያሞቅ የተሠራው መሣሪያም ብርድ ብቻ ይተነፍስ ነበር። ሾፌሩ ግን «ጌቶች፥ የሚያስፈራስ የሚፈላ ሞተር ነው፤ ቀዝቃዛው ምን ያደርጋል?» አለን። ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጁ በደኅና አይቃጠልም፤ የተረፈውም ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። በዚህም ምክንያት ነዳጁ ይባክናል፥ ብረቱም ከብረት ጋራ እየተፋተገ ያልቃል። የሚፈላ ሞተር ሕመሙን ወዲያው በእንፋሎት ይናገራል፤ ቀዝቃዛው ግን እንደ ነቀዝ በዝምታ ይበላል።

ደብረ ሲና ላይ አንድ መካኒክ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ አስቀድሞ የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ ውሃ ጐድሎ አየር ከገባ መለኪያውም ማሞቂያውም ይዋሻሉና። ውሃው ሙሉ ነበር። ከዚህ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በእጁ ዳሰሰ። ይህ ጎማ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዞ ቈይቶ ኋላ በድንገት መሞቅ ሲገባው ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ሞቀ። ቢፈታም ቴርሞስታቱ ከስፍራው የለም፤ ለካ ቀድሞ ለቈላው ሙቀት ተብሎ ወጥቶ ኖሯል።

ቴርሞስታት የውሃ በረኛ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ መክፈት ይጀምራል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ፥ ለቈላ ተብሎ የተደረገው ነገር በቈላ ያፈላዋል።

ቴርሞስታቱ በስፍራው ካለ አውጥቶ በውሃ ድስት ውስጥ አንጠልጥሎ ማፍላት ይቻላል፤ በላዩ የተጻፈው ዲግሪ ሲደርስ መከፈት ሊጀምር ይገባዋል። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ በድስቱ ውስጥ ፈጽሞ አልተከፈተም ተብሎ አይጣል። በራዲያተር ፊት ካርቶን መጋረድም ለደጋው ቢረዳ፥ ሮቢት ሲወርዱ ካልተነሣ ሞተር ያቃጥላል።

እንግዲህ ካሚዮን ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ ነጂዎቻችሁን ስለሚፈላው ሞተር ብቻ ሳይሆን ስለማይሞቀውም ጠይቁ። አገራችን ደጋና ቈላ ናትና፥ ሁለቱንም የሚያውቀውን በረኛ ከደጁ ማባረር አይገባም።