የማጣሪያችን ስንጥቅ

ቤታችን ገብታችሁ ወደ ቀኝ ብትመለከቱ አንድ የሲሚንቶ ሣጥን ታያላችሁ። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው። ውስጡ አሸዋና ጠጠር ነው። ከምንጭ የምንቀዳው ውሃ በእሱ አልፎ ነው የሚጠጣው። ስሙን «ማጣሪያው» ብለነዋል። ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው አንድ ጊዜ ስለሰበርኩት ነው።

ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ደርሷል። የጠላ ጋን የምናስቀምጥበት ቦታ ጠፋ። ባለቤቴ ምንጭ ወርዳለች። እኔም «ይህን ሣጥን ትንሽ ገፋ ላድርገው» አልኩ። ማጣሪያውን የተከሉልን ሰዎች «አንዴ ከቆመ አታንቀሳቅሱት» ብለውን ነበር። ሰምቻለሁ። ግን የሠርግ ነገር ያጣድፋል። ወፍራም ዱላ ከሥሩ አስገብቼ ፈነቀልኩት። ከታች «ቀጭ» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከታችኛው ጥግ እስከ ክንድ ከፍታ ድረስ ፀጉር የመሰለ መስመር ወጥቷል። በመስመሩ ላይ ውሃ እንደ ላብ ችፍ ይላል።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። አንድ አሮጌ ኮንጎ ጫማ ፈለግሁ። ቢላዋ በእሳት አግዬ ላስቲኩን አቀለጥኩና ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት። ጀሪካን ሲቀደድ የምንደፍነው እንዲህ ነው። ለጀሪካን ደህና ነው፤ ላስቲክ ከላስቲክ ይያያዛል። እርጥብ ሲሚንቶን ግን አይዝም። ደግሞም ውሃው የሚገፋው ከውስጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጥፉ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ጋኑን አስጠግቼ ሸፈንኩት።

ሠርጉ አለፈ። አንድ ጧት ባለቤቴ፣

«ወለሉ ምን ሆኖ ነው የሚረጥበው?» አለችኝ።

«ጋኑ ነው የሚያዣው» አልኳት።

ዝም አለች።

እዚህ ላይ ማጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ውሃውን የሚያጠራው አሸዋው ብቻ አይደለም። በአሸዋው ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች ይኖራሉ። ከላይ ከምንጨምረው ውሃ ጋር የሚመጡትን የበሽታ ተሐዋስያን እነሱ ይበሏቸዋል። እነዚህ ሕያው ነገሮች በደንብ እስኪበዙ እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ለመኖርም ውሃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማጣሪያው ሥራ ባይኖረውም ከአሸዋው በላይ ምንጊዜም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሦስት ጣት የሚሆን ውሃ መተኛት አለበት። ከሥር የሚያፈስ ማጣሪያ ይህን ውሃ ይጨርሳል። አሸዋው ይደርቃል፤ ሕያዎቹም ይሞታሉ። ውሃው ግን በቱቦው መውረዱን አይተውም። ለዓይንም ጥሩ ይመስላል። ክፋቱ ይኸ ነው።

(በኋላ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ሆቴል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚዋኙ ዓሣዎች አየሁ። አሳላፊው የዓሣዎቹን ውሃ ማጣሪያ ስፖንጅ ሲያጥብ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከዚያው ከሣጥኑ በቀዳው ውሃ ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስፖንጁ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ሕያዋን ይገድላቸዋል አለኝ። ሳቅሁ። የኛ ቤት ነገር መሰለኝ።)

በየካቲት ትንሹ ልጃችን ተቅማጥ ያዘው። ሁለት ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ይዘነው ጤና ኬላ ሮጥን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዚንክና ኦ.አር.ኤስ. ሰጠችን። አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠን በትንሽ በትንሹ እንድናጠጣው አሳየችን። ከዚያ፣ «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ «እኛማ ማጣሪያ አለን» አለች። ኮራ ብላ ነው ያለችው።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። በሽታው ከማጣሪያው ይምጣ ከሌላ ነገር ማንም አላረጋገጠም። እኔ ግን መተኛት አቃተኝ። ሌሊቱን ልጁን በማንኪያ እያጠጣን ሳለ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ማንኪያውን አስቀመጠችና፣ «ጋኑ ነው አልከኝ እኮ» አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ በአምስተኛው ቀን ዳነ። እኔም ግንበኛ የሆነ ጎረቤታችንን ለመንኩ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገረመኝ። ውሃው ሳይፈስ ስንጥቁን በከሰል አሰመረው። «ሲደርቅ ይጠፋብናል» አለ። እውነቱን ነው፤ ባዶ ሆኖ ሲደርቅ ያለ ከሰሉ መስመር አናገኘውም ነበር። አሸዋውንና ጠጠሩን ለየብቻ አወጣን። ሣጥኑን አራት ሆነን ወደ ደጅ አወጣነው።

ስንጥቁን በቀጭኑ ደፍነን እንጨርሳለን ብዬ ነበር። እሱ ግን በስካርፔሎ እንደ ቦይ ቆፈረው፣ በውስጥም በውጭም። ልቤ ደነገጠ። ሰፋ ካላለ ሲሚንቶው የሚይዝበት ቦታ የለውም አለ። ብናኙን በሽቦ ብሩሽ ጠረግን። ቦዩን በውሃ አራስን። መጀመሪያ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ቀባው። እሱ ሳይደርቅ ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ የተቦካበትን አስገብቶ በማንኪያ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አለበስነው። ለሰባት ቀን ጧትና ማታ ጆንያውን ውሃ አጠጣሁ። ሲሚንቶ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ራሱ ይሰነጠቃልና።

በስምንተኛው ቀን ውሃ ሞላንበት። ከታች ጥጉ ላይ አንድ ቦታ አላበ። እንደገና ቆፈርን፤ እንደገና ሰባት ቀን። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ሁለተኛው ያዘ። ሣጥኑን ወደ ቦታው መልሰን አስተካክለን አቆምነው። አሸዋውንና ጠጠሩን ደጋግመን አጠብን። ስንመልስ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ወፍራም ጠጠር፣ ቀጥሎ ደቃቅ ጠጠር፣ በመጨረሻ አሸዋ። አሸዋውን ደረቅ ሣጥን ውስጥ ብታፈሱት አየር ይይዝና መንገዱን ይዘጋዋል።

ሕያዎቹ ግን ከአዲስ መጀመራቸው ነው። በየቀኑ ውሃ እያሳለፍንበት፣ የሚወጣውን ለ30 ቀን አፍልተን ልንጠጣ ነው። ይህ ማለት ማገዶ ነው። ማገዶውን የምትለቅመው ደግሞ እሷ ናት። «ማገዶውን እኔ አመጣለሁ» አልኩ። በወንድ ጀርባ ጭራሮ ሲታይ ሰፈሩ ሳቀ። ይሳቅ።

ማጣሪያው በቆመ ማታ ባለቤቴ ምድጃውን ጠርጋ የደረቀ አመድ በሳፋ አመጣች። በሣጥኑ ዙሪያ፣ ከግርጌው ጥግ እስከ ጥግ በተነችው። ምንም አላለችኝም። ጧት ከእኔ ቀድማ ተነሣች። ኩራዙን አስጠግታ ስትመለከት ከመኝታዬ አየኋት። በጣቷ አመዱን ነካችና አፈፍ አፈፍ አደረገችው። በነነ።

«ደረቅ ነው» አለች። ከዚያ እንስራዋን አነሣች። «ሠላሳውን ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ አንተን አላምንም።»

ተነሥቼ ገመድና መጥረቢያዬን ያዝኩ።