የሁለት ነፍስ የዋና ልብስ

የነፍሰ ጡር አምሮት ብዙ ጊዜ ከማጀት አይርቅም። አንዷን ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ፣ ሌላዋን የተቆላ ቡና ሽታ፣ ሌላዋን ደግሞ ለሰው ደፍራ የማትናገረው አፈርና ከሰል ያሰኛታል። እኔን ያማረኝ ውኃ ነው፤ መጠጣቱ ሳይሆን መግባቱ። አምስተኛ ወሬን ከያዝኩ ወዲህ በባንኩ መስኮት ተቀምጬ የሰው ብር ስቆጥር ጣቶቼ ከብሩ ላይ፣ ሐሳቤ ከውኃ ውስጥ ነበር።

አርባ ምንጭ ለምትኖር ሴት ይህ አምሮት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፣ ከነጭ ሳር ፓርክ ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ይታያችኋል። ይህ ሁሉ ውኃ ግን ለዓይን እንጂ ለገላ አልተሰጠንም። ጫሞ ዳር አዞዎች ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁበት ስፍራ «አዞ ገበያ» ይባላል፤ ገበያተኛው ማን፣ ሸቀጡ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልሞከርኩም። ስለዚህ የሚቀረን የሆቴል ገንዳ ነው፤ ገንዳው ደግሞ ልብስ ይጠይቃል።

ለክትትል የምሄድባት አዋላጅ ነርስ አልከለከለችኝም። «ደም ካላየሽ፣ የሽርት ውኃ ካልፈሰሰሽ፣ ሐኪምም ካላገደሽ ዋኚ፤ ፍል ውኃ ግን አይሆንም» አለችኝ። እኛ ሕመም በተሰማን ቁጥር ወደ ፍል ውኃ መሮጥ የምንወድ ሕዝብ ነንና ይህችን ማስጠንቀቂያ ሌሎች እህቶችም ይስሟት። የቀዘቀዘው ውኃ ግን የሚሠራው ደግ ሥራ አለ። እስከ ደረት የገባ ሰው እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪውን ውኃው ይሸከምለታል። ውኃው ዙሪያውን ሲጫን በቁርጭምጭሚት የተጠራቀመው እብጠትም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ፣ ማታ ጫማዋ አልወልቅ ለሚላት የባንክ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

ዋና የተማርኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ፣ በግዮን ሆቴል ገንዳ ነው። የዚያን ጊዜዋን ጥቁር የዋና ልብስ ከሣጥን አውጥቼ ሞከርኳት። ከጭኔ በላይ አልሄድም ብላ ቆመች፤ እኔም አላስገደድኳትም።

ከባዱ ነገር ግን የልብሱ ጥበት አልነበረም፤ እናቴ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ጽንስ በሦስተኛ ወሩ ተጨናግፎብኛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፉ ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ገና ሲጠነሰሱ ከሚያጋጥም የክሮሞሶም ጉድለት የሚመጣ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እኔም አንብቤዋለሁ። እናቴ ግን ሌላ ማብራሪያ አላት። «ቶሎ አወራሽው፤ ዓይን በላሽ።» ስለዚህም በዚህኛው እርግዝና ሆዴ እስከ አምስት ወር ድረስ በጋቢ ሥር ኖረ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ጋቢ! ከተማችን 1300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ቆላ መሆኗን የረሳን ይመስል፣ ጨንቻ ደጋ ላይ እንዳለን ሁሉ ተሸፋፍነን ከረምን። አሁን ደግሞ ያንኑ ሆድ በአንዲት ስስ ጨርቅ ጠቅልዬ በሰው ፊት ልቆም ነው።

«ካልቀረ በቀሚስሽ ግቢ» አለችኝ ለማስታረቅ። እዚህ ላይ ለሸማችን ፍርድ መስጠት ይገባል። በዶርዜ ሴቶቹ ጥጡን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ከሽመናው የሚወጣው ነጠላና ጋቢ መቀስ ሳይነካው የሚለበስ በመሆኑ ሆድ ቢገፋ አይጠብም፣ ሆድ ቢጎድል አይሰፋም። በየብስ ላይ ከዚህ የተሻለ የእርጉዝ ልብስ አላውቅም። ጥጥ ግን ውኃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ይከብዳል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል። ሸክሜን ላቀልል ገብቼ ሸክም ልብስልኝ?

ወደ ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። የእርጉዝ የዋና ልብስ ብዬ ስጠይቅ አንዷ ነጋዴ ሣቀች፣ ሌላዋ ጥቁር ቲሸርት አቀረበችልኝ፤ «ጥቁር ይደብቃል» ብላ። ይህች «ይደብቃል» የምትባል ቃል በየሱቁ ተከተለችኝ። ለእርጉዝ ሴት የሚያምር ልብስ ሲባል የሚደብቅ ልብስ ማለት ነው ብሎ ማን እንደደነገገ አላውቅም።

አሜሪካም ሳትቀር እንዲህ ነበረች። ሊትዌኒያ የተወለደችው ሊና ብራያንት ባሏ ሞቶባት፣ ሕፃን ልጇን ይዛ ኒውዮርክ ውስጥ በስፌት የምትተዳደር ስደተኛ ነበረች። አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ የሚመች፣ ሰው ፊትም የሚያስቀርብ ልብስ ስፊልኝ ብትላት፣ ወገቡ ላስቲክ፣ ታቹ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ቀሚስ ሠራችላት። ልብሱ ተወደደ፤ ጋዜጦቹ ግን እርግዝና በአደባባይ አይነሳም ብለው እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስታወቂያዋን አላወጡላትም። ለሙያ ባልደረቦቼ የምትሆን አንዲት ነገር ልጨምር፦ ሱቋ «ሌን ብራያንት» የተባለው የባንክ ወረቀት ላይ ስሟ በስሕተት ስለተጻፈ ነው ይባላል። እርሷም ሳታርመው ቀረች።

የፈለግሁትን በመጨረሻ ያገኘሁት ከልባሽ ጨርቅ ክምር ነው። በሳልባጅ ተራ የዋና ልብስ የሚመረጠው በቀለሙ አይደለም። የሚለጠጠው ክር በ1958 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት የፈለሰፈው ላይክራ ነው፤ የገንዳ ክሎሪን ሲደጋገምበት ይደክማል። ስለዚህ ጨርቁን በሁለት እጅ ሳብ አድርጎ መልቀቅ፤ ወዲያው ከተመለሰ ሕይወት አለው፣ አንጠልጥሎ ከቀረ ወይም ወደ ብርሃን ሲያዩት ካሳለፈ ለሌላ ገበያተኛ መተው ነው። በዚህ ፈተና ያለፈ፣ የአንዲት ግዙፍ ፈረንጅ የነበረ የሚመስል አረንጓዴ ልብስ ገዛሁና ወደ ልብስ ሰፊው ወሰድኩት።

ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። የዋና ልብስ ነክተው እንደማያውቁ ነገሩኝና ሥራውን ግን እንደ ካህን በጥንቃቄ ያዙት። ትከሻውን አጠበቡ፤ ጡት ስለሚከብድ ማንገቻውን ሰፊ አደረጉት፤ ከሥሩ የነበረውን ሽቦ አወጡት። ቀጥ ያለ ስፌት ጨርቁ ሲለጠጥ ይበጠሳል ብለው በዚግዛግ ሰፉት። በእኔ ልመና ከወገቡ ለሁለት ከፈሉት፤ በየግማሽ ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት የምትሮጥ ሴት እርጥብ ልብስ ከትከሻዋ ጀምሮ ልትገፍ አይገባትምና። ቁምጣው ከሆዴ ሥር ዋለ፣ ላይኛው ሆዴን አልፎ ወረደ።

ከዚያ ሜትራቸውን ሆዴ ላይ አዙረው ቁጥሩን ጻፉ፤ ቆም ብለውም «ልጄ፣ በዛሬው ልክ ልስፋው ወይስ በዘጠኝ ወሩ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለእርሳቸው የጨርቅ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሚመጣው ሳምንት አሻግሬ ማሰብ የተውኩ ሰው ነኝ። ለልጁ ካልሲ እንኳ አልገዛሁም፤ ስም አላወጣሁም። እናቴም ሳይወለድ ዕቃ አይገዛም ትላለች፤ በዚህስ ሳንከራከር እንስማማ ነበር። በዛሬው ልክ ቢሰፋ ልብሱ ያምርልኝ ነበር፤ በዘጠኝ ወሩ ልክ ቢሰፋ ገና ያልመጣውን ሆድ እንደሚመጣ አድርጌ መቁጠሬ ነው።

«በዘጠኝ ወሩ» አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ በሁለቱ ጎኖች ሽብሽብ ያዙለት። ሽብሽቡ ዛሬ ተጣጥፎ ይተኛል፤ ሆዴ ሲገፋ አንድ በአንድ ይፈታል። እንደ ጌጥም አማረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገንዳው ዳር ነጠላዬን አውልቄ ስቆም አረንጓዴው ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ታየ። አንዲት የባንኩ ደንበኛ፣ በመስኮቱ በኩል ለዓመታት ትከሻዬን ብቻ ስታይ የኖረች ሴት፣ አፏን በእጇ ይዛ «ውይ! እኔ'ኮ አላወቅሁም፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አለችኝ። «አሜን» አልኩ። ቀጥላም «ወንድ ነው፤ ሾል ብሏል» ስትል ፈረደች። ደረጃውን ወርጄ ውኃው ደረቴ ሲደርስ ወገቤ የአምስት ወር ዕዳውን ባንዴ የከፈለ መሰለኝ። ልጁ ወይም ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ በጎኔ በኩል፣ ልክ ሽብሽቡ ካለበት፣ አንድ ጊዜ ረገጠኝ።

እናቴ አሁን አብራኝ ትመጣለች። ገንዳውን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነጠላዬን በእጇ እንደ መጋረጃ ዘርግታ፣ የሚያይ ሰው እንዳለ ትጠብቃለች፤ በየመካከሉም ዞር ብላ መስጠሜን አለመስጠሜን ታረጋግጣለች። ክሎሪኑ እንዳይበላው ልብሱን በንጹሕ ውኃ የምታለቀልቀውም፣ በጥላ የምታሰጣውም እርሷ ናት።

ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሽብሽቡ ከሞላ ጎደል ተፈትቶ አልቋል። ባለፈው ሳምንት በልብስ ሰፊው ደጅ ሳልፍ ሆዴን አዩና ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «አትስጊ፤ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ጨርቅ አስቀርቻለሁ» አሉኝ።