የአናጢው ኮት

የታወቀ የሕፃናት ተረት በብዙ ገንዘብ እንደ አዲስ ተሠርቶ በፊልም በታየ ጊዜ፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የተጨመረበትን ነገር ነው። ባሕሩ ከፊተኛው ይልቅ ይናወጣል፤ እንስሳው ሥጋና ደም እንዳለው ሆኖ ይተነፍሳል፤ የአሻንጉሊቱም ዓይን እንደ ሰው ዓይን እንባ ያቀርራል። በጎንደር ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ግን፥ የልጅ ልጃቸው በፍላሽ አስገልብጣ ያመጣችላቸውን ፊልም በቴሌቪዥን እያዩ የጠየቁት የጎደለውን ነበረ። «ኮቱስ?» አሉ።

ፊልሙ የፒኖኪዮ ታሪክ ነው። ይህን ከእንጨት ስለ ተጠረበ ልጅ የሚናገረውን ታሪክ ካርሎ ኮሎዲ የሚባል ኢጣልያዊ ደራሲ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በሕፃናት ጋዜጣ እየከፋፈለ አወጣው፤ በ1883 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆነ። የዲስኒ ኩባንያ በ1940 ዓ.ም. በሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠራው፤ ያው ኩባንያ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ሮበርት ዜሜኪስን ዲሬክተር፥ ቶም ሃንክስን አናጢ አድርጎ እንደ ገና አወጣው። ወጪው 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ሆነ ተነግሯል።

በመጽሐፉ አናጢው ጄፔቶ ፍጹም ድኻ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው እሳት የተሣለ እሳት ነው፤ በእሳቱ ላይ የተጣደውም ድስት እንዲሁ የተሣለ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ለመሄድ የፊደል መጽሐፍ ያስፈልገዋልና፥ አባትየው በረዶ በሚጥልበት ቀን ኮቱን ለብሶ ወጥቶ በሸሚዝ ብቻ ይመለሳል፤ በእጁም መጽሐፉን ይዟል። ልጁ ኮቱ የት እንደ ሄደ ቢጠይቀው ሸጥሁት ይለዋል፤ ስለ ምን ቢለው፥ ሞቆኝ ነበረና ብሎ ይመልስለታል። ያንኑ መጽሐፍ ልጁ ብዙ ሳይቈይ የአሻንጉሊት ቴአትር ለማየት በጥቂት ሳንቲም ይሸጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፥ ቀበሮውና ድመቱ፥ የአህያ ጆሮውና የዓሣው ሆድ፥ በመምህሩ ዘንድ ከዚህ ኮት በታች ነው።

መምህሩ ታሪኩን በእንግሊዝኛ አንብበው፥ በእኛ አቈጣጠር በ1960ዎቹ፥ በዳባት ለሚያስተምሯቸው ልጆች ይነግሩ ነበረ። ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የወገራም ብርድ ለነገሩት ሳይሆን ላደሩበት ነው። ከልጆቹ መካከል ኮት ለብሶ የሚያውቅ ጥቂት ስለ ነበረ ኮቱን ጋቢ አደረጉት። ነግረው በጨረሱ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «ጋሼ፥ ይህ ሰውዬ ጣልያን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎን አሉት። የዚያ ልጅ አያት በወረራው ዘመን በአውሮፕላን ቦምብ የሞቱ ናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ልጁም ምንም ሳይመልስ ተቀመጠ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ደወል ሳይደወል በር ላይ ጠብቆ፥ «ጋቢውን መልሶ ገዛለት?» አላቸው። ሊገዛለት አስቦ ነበረ፥ ነገር ግን ከመንገድ ቀረ ብለው መለሱለት።

ስለዚህ ተረት በተነሣ ቍጥር ለመምህሩ የሚታያቸው ያ ልጅ ነው። ጎንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ነበረች፤ የሊማሊሞን ገደል ሰንጥቀው መንገድ ያወጡት፥ የአርበኛውንም መንደር ከሰማይ ያቃጠሉት እነርሱ ናቸው። በዚያ አገር ለአንድ ኢጣልያዊ አባት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ከተገኘ፥ ያን ያደረገው የተሣለው እሳትና የተሸጠው ኮት ነው። 150 ሚሊዮን ዶላር ያወጡ ሰዎች ይህን አንድ ኮት ስለ ምን እንደ ተዉት ለመምህሩ ሊገባቸው አልቻለም።

ሌላም ያስቈጣቸው ነገር አለ። በመጽሐፉ ፒኖኪዮ ኋላ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ አስተማሪው ትጋቱን አይቶ ያመሰግነዋል፤ ከትምህርት የሚያርቁት የገዛ እግሩና ክፉ ባልንጀሮቹ ናቸው። በአዲሱ ፊልም ግን የትምህርት ቤቱ አለቃ እንጨት ነህ ብሎ ወደ ውጭ ይጥለዋል። «ጥፋቱን ከልጁ አንሥተው በአስተማሪው ጫኑት» አሉ። አርባ ዓመት ያህል ጠመኔ የያዘ ሰው በዚህ ቢከፋው አይፈረድበትም። ልጆቹ በደስታው ደሴት የሚጠጡት ቢራም ወደ ለስላሳ መጠጥ ተለውጧል፤ እንግዲህ ልጁ የሚጸጸትበት ነገር ከየት ይምጣ?

የልጅ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናትና ዝም አላለችም። «አባባ፥ እርስዎስ ኮቱን ጋቢ አላደረጉትም? ሻርክ የሆነውን ዓሣ የዮናስ አንበሪ ብለው የነገሩን እርስዎ አይደሉም?» አለቻቸው። መምህሩ ሣቁ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የወገራ ልጅ ዮናስን ያውቃል። እንዲያውም ከዚህ የባሰ አድርገዋል፤ ልጁ የሚመክረውን ፌንጣ መዶሻ ወርውሮ እንደሚገድለው፥ ነፍሰ ገዳዮችም ልጁን በዛፍ ላይ እንደሚሰቅሉት ለተማሪዎቻቸው ከቶ አልነገሩም። ኮሎዲ ራሱ ታሪኩን በመጀመሪያ በዚያው በስቅላቱ ጨርሶት ነበረ፤ የቀጠለው ቀጥል ስለ ተባለ ነው። ተረት ነጋሪ ሁሉ እንደዚሁ ይቈርጣል፥ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ አመኑላት። «ጨርቁን ለውጬዋለሁ፤ ብርዱን ግን አልነካሁትም» አሉ።

በዚያው በ2022 ዓ.ም. ጊየርሞ ዴል ቶሮ የተባለ የሜክሲኮ ሰው ሌላ ፒኖኪዮ አውጥቷል፤ ልጅቱ ባለፈው ሳምንት እርሱንም አሳይታቸው ነበረ። ይህኛው ታሪኩን ወደ ሙሶሊኒ ዘመን አዛውሮታል። የእንጨቱ ልጅ አናጢው ለቤተ ክርስቲያን የጠረበውን ስቅለት ቀና ብሎ ያይና፥ እርሱም እንደ እኔ እንጨት ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ እርሱን የሚወድድ እኔን የሚጠላ ስለ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከመጽሐፉ ፈጽሞ የራቀ ነው፤ መምህሩ ግን በእርሱ አላጉረመረሙም። «ያኛውስ በርዶታል» አሉ።

ልጅቱም የመጨረሻ ማስረጃዋን አወጣች። በዲስኒ ፊልም የአናጢው ግድግዳ በሰዓት የተሞላ ነው። ቀድሞ አልሸጥም ይል የነበረውን ሰዓት ሁሉ፥ የጠፋ ልጁን ለመፈለግ ሲል ሸጦ ጀልባ ይገዛበታል። «ይኸው ሸጠ እኮ፥ አባባ!» አለች። መምህሩ ይህን አላስተዋሉም ነበረና ያን ስፍራ መለስ አድርጋ እንድታሰማቸው ጠየቁ። ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ።

«ደግ አድርጓል» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን ልጄ፥ ሰዓት የሸጠ ሰው አይበርደውም።»

«ታዲያ ላጥፋው?»

«የለም፥ ዓሣው እስኪመጣ ይቈይ።»