ለማስታመም የመጣች ልጅና የመኖሪያ ፈቃዷ

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ ካልሆነ በይፋ የማይነገር ነው። ይኸውም በዲቪ ወይም በዘመድ ጥሪ አሜሪካ ሄዳ ቋሚ ነዋሪ የሆነች ልጅ፣ ወላጅ ለማስታመም መጥታ አገር ቤት ስትቆይ የመኖሪያ ፈቃዷ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የምኖረው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በተበላ ነው። የባለቤቴ ታናሽ እኅት ለጊፋታ በዓል ሦስት ሳምንት ልትቆይ መጣች። በዓሉ በቅጡ ሳያልፍ አማቴ ታመሙና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ወንድሞቿ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ደህና ሥራ አላቸው። ከአልጋው አጠገብ ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ለምክር እንኳ አልቀረበም። ሴት ልጅ መጥታለችና አለቀ!

ሦስት ሳምንት የተባለው ስምንት ወር ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «ካርድሽ ዐሥር ዓመት ያገለግል የለም እንዴ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ይላታል።

ይህ አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። በካርዱ ላይ የታተመው ቀን የካርዱ ዕድሜ እንጂ ርቆ ለመቆየት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ቋሚ ነዋሪ ማለት ኑሮው እዚያ የሆነ ሰው ነው። ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው ሲመለስ ሊጠየቅ ይችላል፤ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አያገለግለውም፤ ገና ቦሌ ላይ ከመሳፈር ሊከለከል ይችላል። «በየስድስት ወሩ ገባ ብሎ መውጣት ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም። የሚመረመረው ቤቷ፣ ሥራዋ፣ የባንክ ሒሳቧ የት ነው፣ ግብሯንስ እንደ ነዋሪ ታስታውቃለች ወይ የሚለው ነው።

እንደሚቆይ አስቀድሞ ያወቀ ሰው የመመለሻ ፈቃድ ያወጣል። ማመልከቻው ቅጽ አይ-131 ሲሆን ፈቃዱ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ማመልከቻው የሚገባው አመልካቿ አሜሪካ ውስጥ ሳለች መሆኑ ነው፤ ተበላ ተቀምጦ መጠየቅ አይቻልም። እንግዲህ እናንተ የታመመ ወላጅ ያላችሁ፣ እኅታችሁን በስልክ «ድረሺልን» ስትሉ ይህንንም ጨምራችሁ ንገሯት።

በእኛ ቤት ነገሩን የፈቱት አማቴ ናቸው። አንድ ማታ ልጆቻቸው ተሰብስበው ሳለ፣ በወላይትኛ «ይህች ልጅ እንጀራዋን ትታ ትጠብቀኝ ብዬ መቼ ተናገርኩ?» አሉ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ ለቀኑ አስታማሚ ሴት በደመወዝ ተቀጠረች፤ ሌሊቱን ሦስቱ ተራ ገቡ። የመጀመሪያው ሰሞን፣ እናትን አገላብጦ ማጠብ የሴት ሥራ ነው የሚል ማጉረምረም አልጠፋም ነበር። እጅ ግን ይለምዳል። ልጅቱም በዐሥረኛው ወር ተመለሰች።

ዓመቱ ላለፈባት የቀረው በር አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ነው። ስትወጣ ነዋሪ እንደነበረች፣ የመመለስ ሐሳቧን እንዳልተወች፣ የዘገየችውም ከአቅሟ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለባት። እዚያ እንባ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀንና ማኅተም ያለው የሐኪም ወረቀትና የተላለፈ የመመለሻ ቲኬት ግን ይረዳል። (የሆስፒታል ወረቀት ስኳር መጠቅለያ የሚያደርጉ ቤቶችን ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።) ቪዛው ከተከለከለ የቀድሞው የዲቪ ዕጣ ዳግም አይሠራም፤ በዘመድ ጥሪ ወይም በሌላ መንገድ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ደግሞም በአውሮፕላን ማረፊያ ነዋሪነቴን ትቻለሁ የሚለው ቅጽ አይ-407 ቢቀርብላት ሳትረዳው እንዳትፈርም። ፊርማው በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ጉዳይዋ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ መጠየቅ ትችላለች።

አንድ ነገር ለነፍሰ ጡሮች ልጨምር። ነዋሪ የሆነች እናት ለጊዜው በመጣችበት አገር ቤት ብትወልድ፣ ሕፃኑ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው የመልስ ጉዞዋ ይዛው ከሄደች፣ ለእርሱ የስደተኛ ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርትና የእናቱ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ይያዝለት፤ የእናቲቱም የመግቢያ ሰነድ ያልተቃጠለ መሆን አለበት።