ከአማኑኤል እስከ አንዋር፦ በካሴት የቀረ ድምፅ

ከአማኑኤል ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚዘልቀው መንገድ ቅዳሜ ቀን ሰው በሰው ነው። እኛም በአንዱ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ጥቂት ተማሪዎቻችንን ይዘን በዚሁ መንገድ ወጣን። ምክንያታችን አንድ አሮጌ ካሴት ነበር። ከተማሪዎቻችን አንዷ የወሎ ሰው የነበሩት አያቷ መንዙማ ሲሉ የተቀዳበትን ካሴት ከሣጥን ሥር አግኝታለች። የሚያጫውተው ቴፕ ግን በቤቱ የለም።

በየሱቁ ብንጠይቅ የሚሸጠው ሞባይልና ሚሞሪ ነው። ስንዞር አንዱ ወጣት፣ «አባቶቻችን ሲኒማን ለምን ይሸሹ ነበር?» ሲል ጠየቀን። እንደሚታወቀው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፊልም ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዘመኑ ተለውጦ፣ የመርካቶ ልጅ ቋንቋውን ሳያውቅ የህንድ ፊልም ዘፈን በቃሉ የሚወጣ ሆነ።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። የስሪላንካ ሲንሃላዎችም የመጀመሪያውን የሲንሃላ ቋንቋ ፊልም በ1947 እ.ኤ.አ. ያዩት በህንድ ስቱዲዮ ተሠርቶ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ግን ሌስተር ጄምስ ፔሪስ የተባለው ሰው ካሜራውን ከስቱዲዮ አውጥቶ ገጠር ወሰደና «ሬካዋ»ን ሠራ። ሕዝቡም የራሱን መንደርና የራሱን ወግ በመጋረጃው ላይ አየ። በእኛም አገር «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ተሠርቷል። ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልሙ ገበሬዎችን ራሳቸውን አሠርቷል። ታዲያ የመንዙማውን መንደር፣ የደረሳውን ሕይወትና የመውሊዱን ሌሊት ማን ቀርጾ ያቆየን?

እንዲህ እየተጨዋወትን በመጨረሻ አንድ አሮጌ የቴፕ ጠጋኝ አገኘን። ሰውየው ካሴቱን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ክሩ ተጣብቋል፤ ቀስ ብለን እንሞክረው» አሏት። በእርሳስ አጠነጠኑት፣ ጠረጉት፣ ከተቱት። ድቤው ተሰማ፤ ቀጥሎም የሽማግሌው ድምፅ በአማርኛና በዐረብኛ እየተፈራረቀ መጣ። ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሰማን ግን ድምፁ ድንገት ተቋርጦ የሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ተተካ። ከቤተሰቡ አንዱ ባዶ መስሎት በላዩ ቀድቶበታል።

ጠጋኙ፣ «ይህ ብዙ ቤት አለ» ብለው ዝም አሉ። የቀረውን ዐሥር ደቂቃ ወደ ሞባይል ገለበጥንላት።

በድቤው ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው እናውቃለን። ሆኖም ማንበብና መጻፍ ያልቻለው ሕዝብ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክና የዲኑን ትምህርት በቃሉ የያዘው አንዱ በዚህ ግጥም እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ብዙው መንዙማም በአጀሚ፣ ማለት አማርኛው ወይም ኦሮምኛው በዐረብኛ ፊደል እየተጻፈ፣ ከሸህ ወደ ደረሳ ሲተላለፍ ኖሯል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የስንቱን ነጋዴ ንብረት እንደ በላ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሱቅ በአላህ እርዳታ ተመልሶ ይሠራል፤ ሸማም እንደገና ይሸመናል። የሞተ ሽማግሌ ድምፅ ግን አንዴ ከጠፋ ከየትም አይገዛም። በሐረር አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎች ዛሬ ሙዚየም ሞልተዋል። ያንን የጀመሩት አንድ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ካሴቱን ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት፤ እንዳይቀዳበትም ከጠርዙ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። እናንተም ወጣቶች፣ በእጃችሁ ያለው ሞባይል ለቀልድ ብቻ አይሁን። አያታችሁን አስቀምጣችሁ ቅዱ፤ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ከማን እንደ ተማሩና ቀኑን ጻፉበት።

አንዋር ስንደርስ የዐስር አዛን ተሰማ። ልጅቱ ሞባይሏን ዘግታ ካሴቱን በሻሿ ጫፍ ጠቀለለችው። «ማታ ለእናቴ አሰማታለሁ» አለችን፤ «የአባቷን ድምፅ ከሰማች ሃያ ዓመት ሆኗታል።»