የአሮጌ የኪስ ኮምፒውተሮች የዕለት ተዕለት አገልግሎት

የኪስ ኮምፒውተር ከስማርት ስልክ በፊት ለቀጠሮ፣ ለአድራሻ፣ ለማስታወሻና ለሒሳብ ተብሎ የተሠራ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ መሣሪያ ነው። የእንግሊዙ ሳይዮን ኩባንያ የመጀመሪያውን «ኦርጋናይዘር» በ1984 ለገበያ አቀረበ (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአፕል ኒውተን በ1993፣ የኤችፒ 200ኤልኤክስ በ1994፣ ፓም ፓይለት በ1996፣ የኮምፓክ አይፓክ ደግሞ በ2000 ተከትለው ወጡ። አንዳንዶቹ ቀድመው፣ ሌሎቹም ስማርት ስልክ ሲመጣ ከገበያ ጠፉ። መሣሪያዎቹ ግን ዛሬም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ብዙዎቹም ባትሪ ከገባላቸው ይነሣሉ።

እነሱን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል የሚሳካው ለእያንዳንዱ አንድ ቁርጥ ያለ ሥራ ሲመረጥለት ነው። የስልክን ሥራ ሁሉ እንዲሠሩ ከተፈለገ አይችሉም። መጀመሪያ በተፈጠሩበት ሥራ ላይ ግን ከብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ይልቃሉ። ምክንያቱ ከአሠራራቸው ይገኛል። ጄፍ ሃውኪንስ ፓም ፓይለትን ሲያቅድ በሸሚዝ ኪስ የሚገባ እንጨት ጠርቦ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲያዝ እንጨቱን አውጥቶ እንደ እውነተኛ መሣሪያ እየነካካ፣ የትኛው ሥራ ስንት ጊዜ መንካት እንደሚጠይቅ ይፈትን ነበር። የተወለደው መሣሪያ 160 በ160 ነጥብ ያለው ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሞቶሮላ ፕሮሰሰር፣ በትንሹ ሞዴል ላይም 128 ኪሎባይት ብቻ ሜሞሪ ነበረው። ያም ሆኖ ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው ይበራል፤ በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ባትሪዎች ለሳምንታት ይሠራል። ማስታወሻ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ፍጥነት አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው አገልግሎት ጽሕፈት ነው። በ1997 የወጣው ሳይዮን ሲሪስ 5 ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ስክሪኑም ወደ ኋላ ጋደም ይላል። ስለዚህ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሲጻፍበት አይወድቅም፤ ቁልፎቹም ለጣት በቂ ቦታ አላቸው። ይህን ኪቦርድ የነደፈው ማርቲን ሪዲፎርድ ነው። ሥራው ምን ያህል እንደተወደደ የሚያሳየው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ፕላኔት ኮምፒውተርስ የተባለ ኩባንያ ጀሚኒ ለተባለው አዲስ መሣሪያው ኪቦርዱን ያሠራው በዚሁ ሰው መሆኑ ነው። ሲሪስ 5 የግድግዳ ሰዓት የሚወስዳቸውን ዓይነት ሁለት ባትሪ ድንጋዮች ይወስዳል፤ በእነሱም ከሃያ ሰዓት በላይ ይጻፍበታል። መብራት በሚቋረጥበት ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፓም ባለቤቶችም የሚታጠፈውን ኪቦርድ ካገኙ ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩበታል። ለትምህርት ቤቶች ተብሎ የተሠራው አልፋስማርት ዳና ደግሞ የፓምን ሶፍትዌር ከሙሉ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ ይዟል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ነው፤ እርማትና ቅርጽ ማስያዝ በትልቁ ኮምፒውተር ይደረጋል። መልእክት የማይደርስበት፣ ጥሪ የማያቋርጠው ገጽ ላይ መጻፍ ለሐሳብ የሚሰጠውን ዕረፍት የሞከረው ያውቀዋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ግን አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በቁጥር ወደሚመዘግበው ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የኪስ ኮምፒውተሮች ተነድፈው አልቀው ነበር። ለምዕራቡ ዓለም የተሸጡት ፓሞች ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይመድባሉ፤ ይህም 256 ቦታ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ግን በዩኒኮድ ከ300 በላይ ስለሆኑ አይበቃቸውም። በዊንዶውስ ሲኢ የሚሠሩት እነ አይፓክና የኤችፒ ጆርናዳ ይሻላሉ፤ ሥርዓታቸው ከመሠረቱ በዩኒኮድ የተሠራ ስለሆነ የግዕዝ ፎንት ሲጫንባቸው የአማርኛ ጽሑፍ ማሳየት ይችላሉ። በፓም ላይ አማርኛ ለማንበብ የሚቀረው መንገድ ገጹን ወደ ፎቶ መለወጥ ነው። አጫጭር ማስታወሻዎችን በላቲን ፊደል መጻፍም ይቻላል፤ ለገበያ ዝርዝር ይበቃል፣ ለደብዳቤ ግን አይመከርም።

ቁጥር እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ኤችፒ 200ኤልኤክስ በኪስ የሚገባ ሙሉ የዶስ ኮምፒውተር ነው፤ ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከፋብሪካ ተጭኖበት ይመጣል። የዕቁብ መዋጮ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የመኪና ነዳጅና ጥገና፣ የቤት ወጪ ሁሉ በዚህ ሠንጠረዥ ይያዛሉ፤ ስሙ በላቲን ቢጻፍም ድምሩ ያው ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ መለወጥም ይቻላል። ከዓመተ ምሕረቱ አንድ ይቀነስና በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው ተትቶ ይደመርበታል፤ ያለፉት ወራት በ30 ተባዝተው፣ ቀኑም ተጨምሮ አንድ ድምር ይወጣል። ከዚህ ድምር 690,799 ሲቀነስ ሎተስ ቀን ብሎ የሚያውቀው ቁጥር ይገኛል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ድምሩ 730,136 ነው፤ ሲቀነስ 39,337 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ይህን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ብሎ ያነበዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ተደርጋ ስለምትቆጠር በዚሁ ስሌት ትስተናገዳለች። አንድ ጊዜ የተጻፈ ቀመር ለዓመታት ያገለግላል። ሳይዮኖችም ኦፒኤል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አብሯቸው ስላለ ሌላ ኮምፒውተር ሳያስፈልግ ይህንኑ ስሌት እዚያው መሣሪያው ላይ መጻፍ ይቻላል። ፕሮግራም መጻፍ መማር ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያዳግታል።

ለኔትወርክ ባለሙያዎች ደግሞ እነዚህ መሣሪያዎች ሌላ ዋጋ አላቸው። ብዙ ራውተሮችና ስዊቾች እስከ ዛሬ በሲሪያል ኬብል ይዋቀራሉ፤ 200ኤልኤክስም ሳይዮንም የሲሪያል መግቢያ አላቸው። ትክክለኛው ኬብል ከተገኘ ላፕቶፕ ይዞ ጣሪያ መውጣት ይቀራል።

ለንባብም ያገለግላሉ። የፓሞቹ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ብርሃንን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቀትር ፀሐይ ላይ ይበልጥ ይነበባል፤ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ግን ዓይን ያደክማል። ያለ ሥዕል የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ያንሳል፤ ስለዚህ ስምንት ሜጋባይት ያለው ፓም 3ኤክስኢ በርከት ያሉ መጻሕፍት ይይዛል። መዝገበ ቃላት፣ የጸሎት ሰዓት ማስታወሻ፣ የመድኃኒት መውሰጃ ደወል፣ የወጥ ቤት ሰዓት ቆጣሪ መሆንም ይችላሉ። የሶኒ ክሊዬ አንዳንድ ሞዴሎች በኢንፍራሬድ ቴሌቪዥን ያዛሉ። ባለ ቀለሙ አይፓክ ሜሞሪ ካርድ ሲገባለት ሙዚቃ ያጫውታል፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሞም የቤተሰብ ፎቶ ያሳያል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስልክ በቀላሉ የሚሠራቸው ናቸውና ባትሪው ደህና ከሆነ ብቻ ይሞከራሉ።

መሣሪያውን ከማመን በፊት ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር ሜሞሪው ነው። አብዛኞቹ ፓሞች፣ ሳይዮኖችና የመጀመሪያዎቹ አይፓኮች የተጻፈባቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ አድራሻው፣ ማስታወሻውና የተጫኑት ፕሮግራሞች አብረው ይሄዳሉ። ሳይዮን ሲሪስ 5 እና 200ኤልኤክስ ለዚህ ሲሉ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 መጠባበቂያ ባትሪ አላቸው፤ ከዋናዎቹ ባትሪዎች ጋር በአንድ ጊዜ መውጣት የለባትም። የፓም 3 ባለቤት ደግሞ አሮጌዎቹን አውጥቶ አዲሶቹን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማስገባት አለበት። ኒውተን ሜሴጅፓድ 2000 የተለየ ነው፤ የተጻፈበት ነገር ያለ ባትሪም አይጠፋም። ፓምም ይህን ያስተካከለው በ2004፣ በተንግስተን ቲ5 ላይ ነው። በሌሎቹ የሚጠቀም ሰው በየሳምንቱ ግልባጭ ማውጣትን ልማድ ያድርግ፤ ግልባጭ የሌለው ሥራ በእነዚህ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለመምረጥ ዕድል ያለው ሰው በየሱቁ የሚገኝ ባትሪ ድንጋይ የሚወስደውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ፓም 5 እና የመጀመሪያዎቹ አይፓኮች ባትሪያቸው በውስጥ የታሸገ ነው፤ ዕድሜው ሲያልቅ ምትክ መፈለግ፣ ከዚያም የተዘጋውን አካል መክፈት ይጠይቃል። ብዙ ዓመት የተቀመጠ መሣሪያ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የባትሪው ቤት ነው። ባትሪው ፈስሶ ነጭ ዱቄት ትቶ ከሆነ በጥጥ ላይ በተነከረ ጥቂት ኮምጣጤ ይጠረግና በደንብ እንዲደርቅ ይተዋል። በሳይዮን ሲሪስ 5 ላይ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው ስስ ኬብል ማጠፊያው ላይ የመቆረጥ ልማድ አለው፤ ስክሪኑ ላይ መስመሮች ከታዩ የተጠረጠረው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፉን ወደ ዛሬ ኮምፒውተር ማሻገር ነው። የፓም ማመሳሰያ ፕሮግራም ለአሮጌ ዊንዶውስ ስለተሠራ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በዩኤስቢ ኬብል ማገናኘት ያስቸግራል። በሊኑክስ ላይ ጄ-ፓይለት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሥራውን ይሠራል። የካርድ ማስገቢያ ላላቸው መሣሪያዎች ግን ኬብሉን ጨርሶ መተው ይቀላል፤ ፋይሉ ካርድ ላይ ይቀመጣል፣ ካርዱም በካርድ አንባቢ ይነበባል። የቆዩት የኤስዲ ማስገቢያዎች ከሁለት ጊጋባይት ያልበለጠ ካርድ ይፈልጋሉ። ለ200ኤልኤክስ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ከአስማሚ ጋር ይገባለታል።

ዋይፋይ ያላቸውም ቢሆኑ ኢንተርኔት ላይ ባይወጡ ይመረጣል። የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን ምስጠራ አያውቁም፤ የቤቱን ዋይፋይ ለእነሱ ሲባል ወደ አሮጌ ጥበቃ ዝቅ ማድረግም ለቤቱ ሁሉ አደጋ ነው። ከኔትወርክ መራቃቸው በሩቅ ካለ ሌባ ይጠብቃቸዋል፤ መሣሪያውን በእጁ ያስገባ ሰው ግን ብዙ ሳይቸገር ያነባቸዋል። የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር እዚያ ላይ አይጻፍም።

ጊዜ ራሱም ገደብ አለው። ኒውተን በ2010 ጃንዋሪ ላይ የቀን አቆጣጠሩ ሞልቶ ተዛብቶ ነበር፤ ወዳጆቹ ማስተካከያ ሠርተውለት ዛሬም ይሠራል። የፓም የቀን መቁጠሪያ ዓመትን የሚይዘው በሰባት ቢት፣ ከ1904 ጀምሮ ስለሆነ ከ2031 አያልፍም። ከዚያ በኋላ ማስታወሻውና ሒሳብ ማሽኑ ያገለግላሉ፤ ለቀጠሮ ግን ሌላ መፈለግ ግድ ይሆናል። ፕሮግራሞቹ ግን አይጠፉም፤ ኢንተርኔት አርካይቭ በ2022 ብዙ የፓም ፕሮግራሞችን በማንኛውም ብራውዘር ላይ እንዲሠሩ አድርጎ አስቀምጧል።

በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደወጣ፣ ከዚህም በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት አስታውቀዋል። አንድ የኪስ ኮምፒውተር ከዚህ ክምር የሚቀንሰው እፍኝ አይሞላም፤ የሚያገለግል ዕቃ ግን የሚያገለግል ዕቃ ነው። ከጥገና ያለፈው እንኳ ስክሪኑ፣ ማጠፊያውና ክዳኑ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናሉ። ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት የቀድሞው ባለቤት አድራሻና ማስታወሻ መደምሰስ አለበት። በፓም ላይ የማብሪያው ቁልፍ ተይዞ ከጀርባ ያለችው የዳግም ማስነሻ ቀዳዳ ትነካለች፤ የፓም ምልክት ሲወጣ ማብሪያው ይለቀቃል፤ ይደምሰስ ወይ ብሎ ሲጠይቅም ወደ ላይ የሚያመለክተው ቁልፍ ይጫናል። ካርድ ካለው ካርዱ ለብቻው ይጸዳል። ባትሪ ድንጋዮቹም ወጥተው፣ መሣሪያው ባዶውን ይሰጣል።